ኤድና ሆልት በየማክሰኞው ትገዛለች

ሚስተር ሆልት ፖስታውን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አውጥተው ከፊቴ ሲያስቀምጡት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገኝም። ብርቱካናማ ነው፤ እኔ ካሸር የሆንኩበት ሱፐርማርኬት በየሦስት ወሩ ለአባላቱ የሚልከው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም ግን «ሚስስ ኤድና ሆልት» ይላል። ኤድና ሚስታቸው ነበረች፤ ከገና በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው የቀበሯት።

«ቤቨርሊ፣ ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። በወደብ ከተማችን በግሪምስቢ ያለ ሰው ሁሉ ቤቭ ነው የሚለኝ፤ ስሜን ሳይቆርጡ የሚጠሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። «አንድ ሰው በኤድና ካርድ እየገዛ ነው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ይኸው ጽፈውላት! ያን ቀን የሰጠሁሽን ካርድ ቆርጠሽዋል አይደል?»

«ቆርጬዋለሁ፣» አልኩ።

ዋሸሁ። ካርዱ ከተቀመጥኩበት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ከገንዘብ መሳቢያው ሥር ተኝቷል። በኤድና ካርድ የሚገዛውም ሰው ራሳቸው ሚስተር ሆልት ናቸው፤ አያውቁትም እንጂ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። በእኛ መደብር እያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። በቢጫ ወረቀት ላይ በትልቁ የተጻፈው የአባል ካርድ ላለው ነው፤ ከሥሩ በደቃቅ ቁጥር የተጻፈው ካርድ የሌለው ሰው የሚከፍለው ነው። ወረቀቱን ሰኞ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የምለጥፈው እኔ ነኝ። የቆርቆሮው ሳልመን ዓሣ አምና ለማንም ሦስት ፓውንድ ነበር። ዘንድሮ ለአባል ሦስት ፓውንድ፣ ለሌላው አራት ከሃያ አምስት ሆነ። ይኼንን ነው እንግዲህ ቅናሽ የሚሉት። የድሮውን ወረቀት በገዛ ጥፍሬ ፍቄ ያነሳሁትን እኔን እንኳ ቅናሽ ነው ብለው ሊያሳምኑኝ ይሞክራሉ!

«ምርጫ ነው፣ ቤቭ፣» ይለኛል ክሬግ፣ ሥራ አስኪያጃችን። «መመዝገብ እንደሆነ ነፃ ነው። ያልፈለገ አይመዝገብ።» ክሬግ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ብቻ ዋናው መሥሪያ ቤት የነገረውን እንደ ዳዊት ይደግማል።

ነፃ ነው፤ እውነቱን ነው። ግን ለመመዝገብ ዘመናዊ ስልክና ኢሜይል ያስፈልጋል፤ የፕላስቲኩን ካርድ መስጠት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስተር ሆልት ያላቸው ስልክ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለ ገመድ ነው። ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ደቃቁን ቁጥር አያዩትም። ደግሞም አንዴ ስጠይቃቸው «ምን እንደምበላ ማወቅ ምን ያደርግላቸዋል?» ብለውኛል።

ኤድና እያለች በእሷ የድሮ ካርድ ነበር የሚገዙት። ከቀብሩ ስድስት ሳምንት በኋላ ካርዱን ይዘው መጡና «ቁረጪልኝ» አሉኝ።

«ለምን ይቆረጣል? ይጠቀሙበት እንጂ!»

«ስሜ የለበትም። በሞተ ሰው ስም መገበያየት ማጭበርበር ነው።»

«ሚስተር ሆልት፣ ይኼን ያህል? የእህቴ ባል ስንት ዓመቱ በጎረቤቱ ካርድ ሲገዛ! ማን ያውቃል ብለው ነው?»

«እኔ አውቃለሁ፣» አሉኝ።

አርባ ዓመት ዓሣ ወደቡ ላይ በሐቅ ዓሣ ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የደንበኞች አገልግሎት ዴስክ ሄደው ሞቷን እንዳያሳውቁ ደግሞ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሰው ማስቸገር አልፈለጉም። ስለዚህ ለእኔ ሰጥተውኝ ሄዱ። ቆርጬ ሞቷን ማስመዝገብ ነበረብኝ። ልቆርጠውም ነበር፣ እውነቴን ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ሂሳቡን ስነግራቸው ቦርሳቸውን ሁለት ጊዜ ፈተሹና «ሳልመኗን አውጪያት» አሉኝ። ከኋላቸው ለተሰለፈው ሰው ዞረው «ይቅርታ፣ አዘገየሁዎት» አሉ። ለአንድ ቆርቆሮ ዓሣ! አንጀቴን በሉት።

ከዚያ ወዲያ በየማክሰኞው ካርዱን በመዳፌ ሸፍኜ ለማሽኑ አስነብበዋለሁ። ዋጋው ይወርዳል። መጀመሪያ ቀን «ቀነሰ ልበል?» አሉኝ። «ቅናሽ አለ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጣቸው» ብለው ሱፐርማርኬቱን መረቁ። ደረሰኝ አይወስዱም። እኔም አንዲት ሳንቲም አልተጠቀምኩበትም፤ በግዢው የሚታሰበው ነጥብ ሁሉ ለኤድና ነው የሚጠራቀመው። ደንቡ ግን ይኼን አይጠይቅም። ደንበኛው በእጁ ያልሰጠውን ካርድ ያስነበበ ሠራተኛ ይባረራል፤ አምና አንዷ ለራሷ ነጥብ ስትሰበስብ ተይዛ በአንድ ቀን ነው የወጣችው።

ያላሰብኩት ነገር፣ ማሽኑ ኤድናን ሕያው አድርጎ መቁጠሩን ነው። ሁለት ወር ያህል ከጠፋች በኋላ በየማክሰኞው ስትገዛ ሲያያት ጊዜ ደስ ብሎት ደብዳቤ ላከላት።

«አንብቢው፣» አሉኝ ሚስተር ሆልት።

«ኤድና፣ እንኳን በደህና ተመለሱ! ናፍቀውን ነበር!» ይላል። ከሥሩ የቅናሽ ኩፖኖች አሉ፤ ብዙ ለምትገዛቸው ነገሮች የተሰጡ። ለአንድ ሰው የሚሆን የሥጋ ፓይ። ግማሽ ዳቦ። ሳልመን። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው።

«የኮምፒውተር ስህተት ይሆናል፣ ሚስተር ሆልት። ይተዉት።»

አሰቡበት። «ስህተት ከሆነማ ይወቁት። ማስቸገር ነው፤ ግን ይወቁት።»

የዚያን ቀን ካርዱን መንካት አልቻልኩም። ዕቃቸውን በሙሉ ዋጋ ማሽኑ ላይ መታሁት። «ቅናሹ አለቀ?» አሉ። «አልቋል፣» አልኩ። ከፍለው በቀጥታ ወደ ዴስኩ ሄዱ። ጓደኛዬ ፖሊን ናት ዴስኩ ላይ የምትሠራው። ብዕር አውጥታ ፎርም ስትሞላ ከሩቅ አየኋት። ከፊቴ ያለችው ደንበኛ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ነው የሰማኋት።

ዓርብ ዕለት ከክሬግ ደብዳቤ መጣልኝ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ለምርመራ ስብሰባ እንድቀርብ ይላል። ስድስት ቀን! በአንድ ቀን ቢገላግሉኝ ምን አለበት? ሌሊት አልተኛ፣ ቀን አልበላ። ቤቴ ውስጥ ባለቤቴ ኪት ከመኪና ወድቆ ጀርባው ከተጎዳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ ደመወዝ በቀር ቤት ኪራይ የሚከፍል ነገር የለንም። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በማጭበርበር ተባረረች የተባለችን የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ካሸር ማን ይቀጥራል? ለኪት አልነገርኩትም። ሾርባውን እየጠጣ «ምነው ፊትሽ?» ሲለኝ «ጥርሴን አሞኛል» አልኩት። እሱም አምኖ ቅርንፉድ ሲፈልግልኝ አመሸ።

ካርዱንስ ለምን አልጣልኩትም? ብጥለው ምን ይፈይዳል! ማሽኑ ሁሉንም ይዞታል። ሰኞ ዕለት በእረፍት ሰዓት ፖሊን ጥጉ ላይ ጎተተችኝና ነገረችኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን ቆርጦሽ ነው? አሥራ አንድ ማክሰኞ! ሁሉም አራት ቁጥር መክፈያ፣ ሁሉም በአንቺ መለያ ቁጥር። ክሬግ አትሞ ይዞታል።»

«ሽማግሌው ሰውዬ ሳልመን ሲመልሱ ብታዪ አንቺም ታደርጊው ነበር።»

«እኔ? እኔማ ሳልመኑን ገዝቼ እሰጣቸዋለሁ፤ በስማቸው ላይ አልጫወትም!»

«አይቀበሉሽም።»

አይቀበሉም፤ ፖሊንም ታውቃቸዋለች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ስሚኝ። ደንቡ፣ ደንበኛው ካርዱን ሰጥቶሽ ከሆነ አያስቀጣሽም ነው የሚለው። እሳቸው ‹ተጠቀሚበት ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ› ካሉ ተረፍሽ። ሂጂና ለምኛቸው።»

«ዋሹልኝ ብዬ?»

«በቃ ኩራትሽን ይዘሽ ሥራ ፈልጊ እንግዲህ!»

ማክሰኞ ሚስተር ሆልት አልመጡም። የጡረተኛ የነፃ አውቶቡስ ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት አይሠራም፤ ሁሌ በመጀመሪያው ነው የሚመጡት። እስከ ስድስት ሰዓት በሩን በሩን ሳይ ዋልኩ። ታመው ይሆን? ደርሰውበት ይሆን? የትኛው እንደሚሻለኝ ራሴም አላውቅም ነበር፤ እንዲህ ማሰቤ ደግሞ ራሴን አስጠላኝ።

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ የምለውን ስለማመድ ነበር። ‹ሚስተር ሆልት፣ አንድ ቃል ብቻ ቢሉልኝ።› በር ሲከፍቱልኝ ክራቫት አስረዋል፤ ቤታቸው ውስጥ፣ ብቻቸውን፣ በረቡዕ ቀን። የተለማመድኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ቤቨርሊ! ግቢ፣ ግቢ። ሻይ አፍልቼ ነበር። ትናንት ዓይኔን ሊያዩኝ ሆስፒታል ነበርኩ።»

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ። «ካርዱን አልቆረጥኩትም፣» አልኩ። «በየማክሰኞው ያስነበብኩት እኔ ነኝ። ለእርስዎ ዕቃ። ቅናሽ አለ ያልኩዎት ውሸቴን ነው።»

ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ እኮ ደብዳቤው እንደመጣ አይደለም ያመጣሁልሽ፣» አሉ። «ሁለት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። በማጉያ መነጽር የገዛችውን ዝርዝር አነበብኩት። ፓይ፣ ሳልመን፣ ግማሽ ዳቦ… እኔ የምበላው ነው። ሞኝ አይደለሁም፤ እኔው ነኝ የቀበርኳት። ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን እንዳሰብኩ ልነግርሽ አልችልም።»

እንባዬ መጣ። «ልረዳዎ ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ። መጠየቅ ነበረብሽ።»

«ብጠይቅዎ እምቢ ይሉኝ ነበር!»

«አዎ፣» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። «እምቢ እል ነበር። እምቢታዬን ወሰድሽብኝ። ሳልፈልግ፣ ሳላውቅ፣ አሥራ አንድ ሳምንት በሚስቴ ስም ስሰርቅ ከረምኩ!»

«የሰረቁትማ እነሱ ናቸው! ዋጋውን መጀመሪያ የሰቀሉት እነሱ፣ ለካርድ ያወረዱት እነሱ። እርስዎ የከፈሉት አምና ማንም ይከፍል የነበረውን ነው። ስልክ የለዎትም ተብሎ ለምን ይቀጣሉ?»

«ፍትሐዊ ነው መቼ አልኩ?» አሉኝ። «አይደለም። እነሱ ያልሆነ ነገር አደረጉ ብዬ ግን እኔም ያልሆነ ነገር አላደርግም። በቃ ይኼው ነው ያለኝ፣ ቤቨርሊ። ሌላ ነገር የለኝም።»

እንግዲህ ለእኚህ ሰው ነው ዋሹልኝ የምላቸው? ኮቴን አጥብቄ ይዤ ወደ በሩ ዞርኩ። ሸኙኝ። ደፉ ላይ ቆመው «ሥራሽን ያሳጡሽ ይሆን?» አሉ።

«ነገ ነው የሚነግሩኝ። ይመስለኛል።»

«ባለቤትሽ አሁንም ከቤት ነው?»

«ከቤት ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጥተሽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፣» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት። ክሬግ ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ከጎኑ ባለው ስክሪን ላይ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣች የማላውቃት ሴት። ክሬግ «ቤቭ» አላለኝም፤ «ሚስስ ፕሮክተር፣ ይቀመጡ» አለኝ። አሥራ አንዱን ማክሰኞ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዕቃውን እያነሳ አነበበው። ሌላ ጊዜ በቀልዴ ፍርስ የሚለው ልጅ ቀና ብሎ አያየኝም።

ሌሊቱን ወስኜ ነበር። ሁሉንም እናገራለሁ፤ የሚመጣው ይምጣ። አንድ እውነት እንኳ ለሚስተር ሆልት ዕዳዬ ነው ብዬ። አፌን ከፈትኩ።

«ከመመለስዎ በፊት፣» አለች የስክሪኗ ሴት፣ «ዛሬ ጠዋት የደረሰ ጽሑፍ አለ። ክሬግ፣ ያንብቡላቸው።»

ክሬግ መስመር የሌለበት ነጭ ወረቀት አወጣ። ጽሕፈቱ ትልልቅ ነው፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ጽሕፈት። «እኔ ኖርማን ሆልት የባለቤቴን ካርድ ለሚስስ ቤቨርሊ ፕሮክተር የሰጠሁት እኔ ነኝ። በየሳምንቱ ለእኔ ዕቃ እንድታስነብበው የጠየቅኋትም እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ስለገፋ ይኼንን ረስቼ አቤቱታ አቀረብኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ከሥሩ ፊርማ።

የነጋ የጠባውን ሁሉ የሚያስታውሱ ሰው፣ ራሳቸውን ጃጅቻለሁ ብለው ጻፉ። በሞተ ሰው ስም አንድ ዳቦ አልገዛም ያሉ ሰው፣ በገዛ ስማቸው ውሸት ፈረሙ።

«ሚስስ ፕሮክተር፣ የተጻፈው ትክክል ነው?»

አሁንም ልናገር እችል ነበር። ‹አይደለም› ብል ደብዳቤያቸው የውሸት ማስረጃ ይሆናል፤ እኔም እወጣለሁ። ‹ነው› ብል ሥራዬ ይተርፋል። ለእሳቸው ክብር ብዬ ነው የዋሸሁት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። የታየኝ የቤት ኪራዩ ነው። ያየሁት ኪት ቅርንፉድ ሲፈልግ ነው።

«ትክክል ነው፣» አልኩ።

የኤድናን ሞት ባለማስመዝገቤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። የኤድና ሆልት አባልነት በዚያው ሰዓት ተሰረዘ። ክሬግ በሩ ድረስ ሸኘኝና «ቤቭ፣ ነፍሴን ልታወጪው ነበር እኮ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ፖሊን ዴስኩ ላይ ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። ለኪት የገዛሁለትን ኬክ ይዤ ገባሁ፤ እኔ ግን አንድ ጉርሻ አልወረደልኝም።

ማክሰኞ ሲመጣ የሚያስፈራኝ ነገር መኖር አልነበረበትም፤ ግን ከንጋት ጀምሮ ዓይኔ ከበሩ አልተነሳም። አይመጡም ብዬ ነበር። ወደ ሌላ መደብር ይሄዳሉ፣ ቢመጡም ሌላ መክፈያ ይሄዳሉ።

መጡ። አምስት ቁጥር መክፈያ ላይ የተሰለፈ ማንም አልነበረም፤ ወጣቷ ካሸር «ወደዚህ ይምጡ» ብላ ጠራቻቸው። በትሕትና አመስግነዋት እኔ ጋ ተሰለፉ። ከፊታቸው ሁለት ሙሉ ጋሪዎች ነበሩ፤ ጠበቁ። ተራቸው ሲደርስ ዕቃቸውን አንድ በአንድ ደረደሩ፤ ከወትሮው ያነሰ ነው።

«ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው፣» አሉኝ ዓይን ዓይኔን እያዩ። እንደ ወቀሳ አይደለም፤ ስለ አየር ሁኔታ በሚናገሩበት ድምፅ ነው። «ያልሆነ ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም ነበር።»

«ሚስተር ሆልት…»

«በትክክለኛው ዋጋ ምችው።»

መታሁት። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው። ሙሉውን ቁጥር በማጉያ መነጽራቸው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ቦርሳቸውን ከፍተው ከፈሉ። መልሱን ሳቀብላቸው እጃቸውን ይዤ ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

«ተይው፣ ልጄ፣» አሉኝ እጃቸውን ቀስ አድርገው እየወሰዱ። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ከኋላቸው ማንም አልነበረም።